የራስ ቁር ቁንጮ በጥንትና በመካከለኛው ዘመን ጦርነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሆሜር በኢሊያድ ስድስተኛ መጽሐፍ ውስጥ እንደተረከው የትሮይ ጀግና ሄክቶር ወደ ጦር ሜዳ ከመመለሱ በፊት ሚስቱን አንድሮማኬን ሊሰናበት ይመጣል። ሕፃን ልጁን ለማቀፍ እጁን ሲዘረጋ፥ ሕፃኑ በአባቱ ራስ ላይ የሚወዛወዘውን የፈረስ ጋማ አይቶ ይደነግጥና እየጮኸ በሞግዚቱ ጉያ ይወሸቃል። አባትና እናት ይሥቃሉ። ሄክቶርም የራስ ቁሩን አውልቆ መሬት ላይ ያኖርና ልጁን አንሥቶ ይስመዋል። ለጠላት የተሠራው ማስፈራሪያ በገዛ ልጁ ላይ ሠራ ማለት ነው። አንባቢ ግን ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሄክቶር ከዚህ ስንብት በኋላ ብዙ አይቆይም።

የራስ ቁር የተፈለሰፈው የራስ ቅልን ከምት ለመጠበቅ ነው። ለስላሳና ክብ የሆነ ቁር ሰይፍን ያንሸራትታል፤ ድንጋይን ያነጥራል። በዚህ ላይ ከፍ ያለ ነገር መትከል ለጠላት መያዣ መስጠት፥ ክብደት መጨመር፥ ተንሸራቶ ሊያልፍ የነበረውንም ምት ማስቆም ነው። ታዲያ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ፥ ከአሦር እስከ ጃፓን፥ ሕይወቱ በዚያው ቁር ላይ የተመሠረተች ወታደር ስለ ምን በራሱ ላይ ጭራ፥ ላባ፥ ቀንድና አውሬ ሲተክል ኖረ? የጌጥ ፍቅር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስልም።

በዚህ ንግግር «ቁንጮ» የሚለው ቃል በራስ ቁር አናት ላይ ለሚተከለው ነገር ሁሉ ይሠራል፤ የፈረስ ጭራም ይሁን ላባ፥ ከእንጨት የተጠረበም ይሁን ከብረት የተቀጠቀጠ። በልጆች አናት ላይ ለሚተወው ጸጉር የምንሰጠው ስም ስለሆነ ለጉዳዩ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በድንጋይ ላይ ተቀርጸው ከቆዩልን ምስክሮች መካከል የአሦራውያኑ እጅግ ግልጽ ናቸው። ንጉሥ ሰናክሬም በ701 ዓመተ ዓለም የይሁዳን ከተማ ለኪሶን ከብቦ በያዘ ጊዜ ድሉን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀረጸ፤ ቅርጾቹ ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በእነርሱ ላይ ቀስተኞቹ ሾጣጣ ቁር ደፍተዋል፤ ጦር ያዦቹ ግን ቁንጮ ያለው ቁር ነው ያደረጉት። አንድ ሠዓሊ ይህን ያህል ሳይሰለች ልዩነቱን እየጠበቀ የቀረጸው ለጌጥ ብሎ አይመስልም። አቧራ በበዛበት የከበባ ውጊያ አዛዡ ጦር ያዦቹ የት እንደደረሱ በሩቁ ለይቶ ማየት ነበረበት።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ቁንጮን በራስ ቁር ላይ ማሰር የጀመሩት በትንሿ እስያ የሚኖሩት የካርያ ሰዎች ናቸው ይላል። የጋሻ መያዣንና በጋሻ ፊት ላይ ምልክት መሣልንም ለእነርሱ ይሰጣል። የአሦርን ግድግዳ ላየ ሰው የቀዳሚነቱ ነገር ያጠራጥራል፤ ሄሮዶቱስ ራሱ የተወለደው በካርያ ምድር በምትገኘው በሐሊካርናሱስ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሆኖም ሦስቱን ነገሮች በአንድ ላይ መጥራቱ አስተዋይነቱን ያሳያል። የጋሻ ምልክትና የራስ ቁንጮ የአንድ አሳብ ሁለት ገጾች ናቸውና፤ ሁለቱም «ይህ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ።

በ1953 ዓ.ም. በግሪክ አገር በአርጎስ ከተማ የአንድ ተዋጊ መቃብር ተከፍቶ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተሠራ የነሐስ ጥሩርና የራስ ቁር ተገኘ። ቁሩ ሾጣጣ ሲሆን፥ ከአናቱ ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ የነሐስ የቁንጮ መቀመጫ አለው። ይህን ቁር ያየ መሐንዲስ ሁሉ ወዲያው ስለ ሞመንት ማሰቡ አይቀርም። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ቁንጮው 300 ግራም ይመዝናል፥ ከአንገት መገጣጠሚያ በላይ በ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፥ ተዋጊውም ራሱን 30 ዲግሪ አዘንብሏል ብለን ብናስብ፥ በአንገቱ ላይ የሚመጣው ተጨማሪ ሞመንት 0.6 ኒውተን ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ለጤነኛ ሰው አንገት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ከፍታ ላይ 200 ኒውተን የሚሆን ጉልበት ያለው ምት ወይም የእጅ ጉተታ ቢያርፍበት ሞመንቱ 80 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ከመቶ እጥፍ በላይ። እንግዲህ አደጋው በክብደቱ ሳይሆን ቁንጮው በጠላት እጅ ማንሻ ሊሆን በመቻሉ ላይ ነው።

ይህንንም ሆሜር ያውቀው ነበር። በኢሊያድ ሦስተኛ መጽሐፍ ምኒላዎስና ፓሪስ ብቻ ለብቻ ሲዋጉ፥ ምኒላዎስ ሰይፉን በፓሪስ ቁር ጉብታ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሰይፉም ሦስት አራት ቦታ ተሰባብሮ ከእጁ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ባዶ እጁን የቀረው ምኒላዎስ የጠላቱን የፈረስ ጋማ ቁንጮ ጨብጦ ወደ ግሪኮቹ ሰልፍ ይጎትተው ጀመር፤ ከአገጩ በታች የታሰረውም የበሬ ቆዳ ጠፍር የፓሪስን ጉሮሮ አነቀው። ሊሞት ሲል አፍሮዲቴ የተባለችው አምላክ ጠፍሩን በጠሰችለትና ምኒላዎስ ባዶ ቁር ይዞ ቀረ። አንዱ ቁር በአንድ ውጊያ ውስጥ መጀመሪያ ባለቤቱን አዳነ፥ ቀጥሎ ሊገድለው ጥቂት ቀረው። የአማልክቱን ነገር ትተን ብናየው፥ ከሁሉ የደከመው ክፍል ቀድሞ በመበጠሱ ሰውየው ተረፈ ማለት ነው። ጠፍሩ ከዚያ የጠነከረ ቢሆን ኖሮ ፓሪስ በዚያ ቦታ ያልቅ ነበር።

ከተረት ወደ ታሪክ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የጦር መሪዎች የቁንጮን ዋጋ በነፍሳቸው ከፍለዋልና። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ334 ዓመት በግራኒኩስ ወንዝ ከፋርሶች ጋር ሲገጥም በቁሩ ግራና ቀኝ ትልልቅ ነጫጭ ላባዎች ተክሎ ነበር ይላል ፕሉታርክ። በዚያ ምልክት ተለይቶ ስለታወቀ የፋርስ አለቆች ወደ እርሱ ተሽቀዳደሙ። ከእነርሱ አንዱ ስፒትሪዳቴስ በፈረሱ ላይ ተነሥቶ በመጥረቢያ አናቱን መታው፤ ምቱ ቁንጮውን ከአንዱ ላባ ጋር ቆርጦ ጣለ፤ ቁሩም በጭንቅ ተቋቋመው እንጂ የመጥረቢያው ስለት የንጉሡን ጸጉር ነክቶ ነበር። ሁለተኛው ምት ከመሰንዘሩ በፊት ጥቁሩ ክሊቱስ የተባለው ባልንጀራው ስፒትሪዳቴስን በጦር ወጋው። ላባው ጠላትን ጠራ፤ ቁንጮው ደግሞ ከምቱ ጉልበት ጥቂቱን ሳይውጥ አልቀረም። የቀረው የእስክንድር ታሪክ፥ እስከ ህንድ ድረስ፥ በዚያ ቅጽበት በጥቂት ሚሊ ሜትር ነሐስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የኤጲሮሱ ንጉሥ ፒሩስ ደግሞ በቁንጮውና በፍየል ቀንዶቹ ይታወቅ ነበር። በ280 ዓመተ ዓለም በሄራክሊያ ከሮማውያን ጋር ሲዋጋ ጠላት እየለየ ስላስቸገረው ልብሱንና መሣሪያውን ሜጋክሊስ ከተባለ ባልንጀራው ጋር ተለዋወጠ። ሜጋክሊስ በንጉሡ ትጥቅ ውስጥ ሆኖ ተገደለ። ገዳዩ ቁሩንና ካባውን ገፎ ወደ ሮማዊው አዛዥ እየጋለበ ሲያሳይ ሮማውያን በደስታ ጮኹ፤ የፒሩስ ሠራዊት ግን ንጉሣችን ሞተ ብሎ ተሸበረ። ፒሩስ ፊቱን ገልጦ በሰልፉ ፊት እየጋለበና በድምፁ እየተጣራ መኖሩን ካላስታወቀ በስተቀር ውጊያው ሊበተን ነበር። የፒሩስ ነፍስ ድናለች፤ የሜጋክሊስ ግን ጠፋች። መሪው ለወገን እንዲታይ የተከለው ምልክት ለጠላትም ይታያል፤ ሲደብቀው ደግሞ ወገኑ ያጣዋል። ከዚህ ችግር መውጫ ማንም በቀላሉ አላገኘም።

የሮማውያን አካሄድ የተለየ ነበር፤ እነርሱ ነገሩን ከአንድ ጀግና ራስ ላይ አንሥተው የሠራዊት ሥርዓት አደረጉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ፖሊቢዩስ፥ የሮማ እግረኛ በቁሩ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፥ አንድ ክንድ ያህል ቁመት ያላቸው ሦስት ሐምራዊ ወይም ጥቁር ላባዎች ይተክል እንደነበር ይነግረናል። ምክንያቱንም ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ወታደሩ ዕጥፍ ቁመት ያለው መስሎ እንዲታይና ጠላት እንዲፈራው ነው። ይሁንና ሮማውያኑ ራሳቸው በጠላት ቁንጮ መፍራትን እንደ ሞኝነት ይቆጥሩት ነበር። በ293 ዓመተ ዓለም ከሳምናውያን ጋር በተደረገው ጦርነት አዛዡ ፓፒሪዩስ ለወታደሮቹ የጠላት ቁንጮ ማንንም እንደማያቆስል እንደነገራቸው ሊቪ ጽፏል። ያው አዛዥ የራሱን ሰዎች ላባ ግን አላስነቀለም።

የመቶ አለቃው ቁንጮ ከዚህ ሁሉ የተሻለ አሳብ የታየበት ነው። የወታደሩ ቁንጮ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ የመቶ አለቃው ግን ከጆሮ ወደ ጆሮ ተጋድሞ ይተከል ነበር። ቬጌቲዩስ እንደሚለው በብር ተለብጦ ይታይ የነበረውም የገዛ ወታደሮቹ አለቃቸውን በቶሎ እንዲለዩት ነው። በዛሬዋ ኦስትሪያ በካርኑንቱም የተገኘው የመቶ አለቃ ቲቱስ ካሊዲዩስ ሴቬሩስ የመቃብር ድንጋይ ይህን ዓይነት ተጋዳሚ ቁንጮ ያለው ቁር ተቀርጾበታል። ጸጋው በአቅጣጫው ላይ ነው፤ ከፊትም ሆነ ከኋላ የሚመለከት ሰው ሰፊውን ጎኑን ያያል። የመቶ አለቃው ከሰልፉ ፊት ስለሚቆም ወታደሮቹ የሚያዩት ጀርባውን ነበርና፥ ይህ ሁሉ ያለ አንድ ተጨማሪ ግራም ክብደት፥ በ90 ዲግሪ ማዞር ብቻ የተገኘ ጥቅም ነው። የመቶ አለቆች በውጊያ ላይ ከተራው ወታደር ይልቅ በብዛት ያልቁ እንደነበር ማስታወስም ይገባል።

ሮማውያን ቁንጮውን የሚነቀል ማድረጋቸውም የእጅ ባለሙያዎቻቸውን ብልሃት ያሳያል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በተሠሩት ብዙ ቁሮች አናት ላይ ስንጥቅ ያለው ትንሽ ብረት ተመትቷል፤ የቁንጮው እግር በስንጥቁ ገብቶ ሲዞር ይጠብቃል፤ ከፊትና ከኋላ ደግሞ በሜንጦ ይያዛል። ዛሬ የካሜራ ሌንስ በሚገጠምበት መንገድ ማለት ነው። ዩልዩስ ቄሳር በ57 ዓመተ ዓለም በሳቢስ ወንዝ አጠገብ ኔርቪያውያን በድንገት ሲወርዱበት፥ ወታደሮቹ ምልክታቸውን ለመግጠም ይቅርና ቁር ለመድፋትና የጋሻቸውን ልብስ ለመግፈፍ እንኳ ጊዜ እንዳላገኙ ጽፏል። ከዚህ የምንረዳው በጉዞ ላይ ምልክቱ ይወልቅ እንደነበርና በውጊያ ጊዜ ግን መገጠሙ ልማድ እንደነበረ ነው።

ስለ ቀንድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሰሜን አውሮፓ ቫይኪንግ ያለ ቀንድ አይታይምና። ይህ ሥዕል የቲያትር ቤት ፈጠራ ነው። ካርል ኤሚል ዶፕለር በ1876 ዓ.ም. በባይሮይት ለቀረበው የዋግነር ኦፔራ ባዘጋጃቸው ልብሶች አማካይነት በዓለም ተሠራጨ። በ1942 በዴንማርክ በቬክሶ ረግረግ የተገኙት ባለ ቀንድ የነሐስ ቁሮች እውነተኛ ናቸው፤ ነገር ግን የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ900 ገደማ ስለሆነ ከቫይኪንጎቹ ዘመን 1,700 ዓመት ያህል ይቀድማሉ። በ1943 በኖርዌይ በየርሙንድቡ የተገኘው እውነተኛው የቫይኪንግ ቁር ቀንድ የለውም።

ስለ ቁንጮ ጥቅምና ጉዳት ለሚጨነቅ መሐንዲስ ከሁሉ የሚያስደስተው በ1939 በእንግሊዝ አገር በሳተን ሁ ከተቀበረ መርከብ ውስጥ የተገኘው የሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቁር ነው። በዚህ ቁር ላይ ቁንጮው አልተተከለም፤ የቁሩ አካል ሆኗል። ከግንባር እስከ ማጅራት የሚሄድ፥ በብር ሽቦ የተንቆጠቆጠ ግማሽ ክብ የብረት ቱቦ ሲሆን፥ በሁለቱም ጫፍ የዘንዶ ራስ አለው። ቱቦ መታጠፍን እንዴት እንደሚቋቋም ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ከላይ የሚወርድ ሰይፍ ከቁሩ ስስ ብረት በፊት የሚያገኘው ይህን የጀርባ አጥንት ነው። ቤዎልፍ የተባለው የጥንት እንግሊዝኛ ግጥምም በሽቦ የታሰረና ራስን የሚጠብቅ የቁር ጉብታ ይጠቅሳል፤ ባለቅኔው የሚያወራው አይቶት ስለሚያውቀው ነገር ነበር። ሰባኪው ጌጥና ጠባቂው አካል አንድ ሆነው የተገኙበት እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ የለም።

በ1066 በሄስቲንግስ ውጊያ ላይ ኖርማኖቹ ያደረጉት ሾጣጣና ቁንጮ የሌለው ቁር ነበር። የመስፍኑ ዊልያም መሞት ሲወራ ቁሩን ከፊቱ ከፍ አድርጎ ራሱን ማሳየት ግድ ሆነበት፤ በባዩ ጨርቅ ላይ የተጠለፈው ሥዕል ይህን ያሳያል። ፒሩስ ከ1,300 ዓመት በፊት ያደረገውን ነው የደገመው። በ1200 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቁር መጣ። ፊት ሲጠፋ ስም ይጠፋል፤ ስለዚህ ጋሻውም ቁሩም መናገር ጀመሩ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሪቻርድ በ1198 ባሠራው ሁለተኛ ማኅተሙ ላይ በቁሩ አናት ማራገቢያ የመሰለ ቁንጮ ከአንበሳ ምስል ጋር ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአውሬ፥ የክንፍና የቀንድ ብዛት ሲታይ ፈረሰኞቹ አብደው ነበር ያሰኛል። ነገር ግን የተሠሩበትን ነገር መመልከት ይጠቅማል። በ1376 የሞተው ኤድዋርድ፥ ጥቁሩ ልዑል የሚባለው፥ በካንተርበሪ ካቴድራል ከመቃብሩ በላይ የተሰቀለው አንበሳ እስከ ዛሬ ተጠብቋል፤ የተሠራውም ከቆዳ፥ ከሸራና ከጀሶ ነው። የሌሎቹም እንዲሁ ከብራና፥ ከቀላል እንጨትና በሙቅ ውኃ ተነክሮ ከደረቀ ቆዳ ነበር። ሲመታ ይሰበራል፤ ሲጎተት ይነቀላል። ምኒላዎስ እንዲህ ያለውን ቁንጮ ቢይዝ ኖሮ በእጁ የሚቀረው ጀሶ ነበር። በዱላ በሚደረገው የፈረሰኞች ግጥሚያ ላይ የጨዋታው ግብ ራሱ የባላጋራን ቁንጮ መትቶ መጣል ነበር። የአንዡ ንጉሥ ረኔ በ1460 ገደማ በጻፈው የግጥሚያ መጽሐፍ ውስጥ፥ ቁሮቹ ከነቁንጮዎቻቸው አስቀድመው ተደርድረው ወይዛዝርት እየዞሩ እንደሚመለከቷቸው፥ በሴቶች ላይ ክፉ የተናገረ ሰው ካለም ቁሩ ተነክቶ እንደሚጠቆም ሥርዓቱን ደንግጓል። እንግዲህ ቁንጮው በዚያ ጊዜ ለባለቤቱ ክብር መያዣ ሆኖ ነበር። በእውነተኛው የጦር ሜዳ ግን በአሥራ አራተኛውና በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት እየቀረ ሄደ።

ስለ ጥቁሩ ልዑል ከተነሣ አይቀር፥ የዌልስ ልዑል ምልክት የሆኑት ሦስት የሰጎን ላባዎች በ1346 በክሬሲ ከወደቀው ከዕውሩ የቦሔሚያ ንጉሥ ዮሐንስ ቁር የተወሰዱ ናቸው የሚለው ወሬ ደስ ቢልም የሚያምኑት አይደለም፤ የዮሐንስ ቁንጮ የአሞራ ክንፍ ነበር። ላባዎቹ ራሳቸው ግን ለአውሮፓ እንግዳ ናቸው፤ ሰጎን የአፍሪካ ወፍ ነውና። በኢትዮጵያም ተዋጊው የብረት ቁር ባይደፋ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ያደርግ ነበር፤ ለዓይን የሚሰጠው ቁመትና ግርማ ከፖሊቢዩስ ላባዎች ጋር የሚስማማ ነው። ልዩነቱ ጎፈሩ ማንሻ አይሆንም፤ የሚጎትተው ሰው ጸጉር ብቻ ይዞ ይቀራል።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የጃፓን የጦር አለቆች የቁንጮን ነገር እስከ መጨረሻው ገፉት። የሆንዳ ታዳካትሱ ቁር ትልልቅ የአጋዘን ቀንዶች አሉት፤ የዳቴ ማሳሙኔ ደግሞ አንዱ ጫፍ ከሌላው የሚረዝም የወርቅ ጨረቃ። የታዳካትሱ ቀንዶች ሲታዩ ሰው በዚያ ክብደት እንዴት ይዋጋል ያሰኛሉ፤ ነገር ግን ወረቀት ናቸው፤ በተደራረበ ወረቀት ተሠርተው በዛፍ ሙጫ ቅብ የደረቁ። ውስጡ ያለው ቁር ብረት ነው፤ የሚታየው ሁሉ ግን ቀላል ነው። ከካንተርበሪው የጀሶ አንበሳ ጋር ሳይተዋወቁ አንድ መልስ ላይ ደርሰዋል፤ የሚጠብቀው ክፍል ይጽና፥ የሚናገረው ክፍል ይሰበር።

የባሩድ መሣሪያ እየበዛ ሲሄድ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ በሩቅ መታየት ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ በዛ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በ1842 በፕሩሲያ የተጀመረውን ባለ ሹል ጫፍ ቁር ጫፉን እየነቀሉ፥ በኋላም ከ1916 ጀምሮ በብረት ቁር ተኩት። የፈረንሳዩ መኮንን ኦጉስት ልዊ አድሪያን በ1915 ያወጣው ቁር ግን 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ተሠርቶ፥ ከግንባር እስከ ማጅራት የሚሄድ ዝቅተኛ ቁንጮ ነበረው። የቁንጮው ሥራ በአናቱ ላይ የተከፈተውን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ መሸፈን ነበር።